ፊቷ የተሞረደ ጠገራ

ባሕር ዳር ውስጥ ብር የሚሠሩ ሰዎች ሀኒያ ሙሀመድአወልን የሚያውቋት በአንድ ጥያቄዋ ነው። በአንጥረኛው በሣህሉ ጠባብ ሱቅ በር ላይ ትቆምና፣ ሰላምታዋን እንደጨረሰች፣ «አቶ ሣህሉ፣ ፊት የሌላት መጣች?» ትላለች።

ሣህሉ መዶሻውን ያስቀምጥና ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የቆርቆሮ ጣሳ ይጎትታል። ጣሳው ውስጥ ከሜጫና ከዱርቤቴ፣ ከጢስ ዓባይ ማዶ ሳይቀር የመጡ ጠገራ ብሮች አሉ፤ ገሚሶቹ የአንገት መስቀል፣ ገሚሶቹ ቀለበት ለመሆን እሳት ይጠብቃሉ። ጠገራ ባንድ ገጹ ደረቷ ሞላ ያለ፣ ጸጉሯን የተከናነበች የባሕር ማዶ ንግሥት፣ በሌላው ገጹ ባለ ሁለት ራስ አሞራ አለበት። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰብሳቢዎች የሚሹት የንግሥቲቱ የጌጥ ነጠብጣብ እንኳ ያልጠፋውን፣ የዘመን ጥቁረቱ ያልተነካውን ነው። በሎሚና በአመድ ታጥቦ የነጣውን፣ ክር ሊገባበት የተበሳውን፣ የማንጠልጠያ ብየዳ ጠባሳ የቀረበትን አንስተውም አያዩት። ሀኒያ ደግሞ የምትለቅመው እነሱ የጣሉትን ነው። ከተበላሸውም መካከል ይበልጥ የተበላሸውን፣ የሴትዮዋ ፊት በሞረድ ወይም በድንጋይ ተፍቆ ሜዳ የሆነውን።

«ሰው ሙሉውን ሲፈልግ እርስዎ ጎደሎውን!» ይላታል ሣህሉ እየሳቀ።

«ጎደሎውንስ ማን ያንሳው? እርስዎ እንደሆነ እሳት ውስጥ ነው የሚከቱት።»

ሀኒያ ተወልዳ ያደገችው ወረታ ነው። አባቷ ሙሀመድአወል ጨርቅና ጨው የሚነግዱ፣ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ቃላቸው የሚታመን ሰው ነበሩ። እናቷ ሸምሲያ የሞተችው ሀኒያ ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ነው። ከእናቷ የቀራት ትዝታ እፍኝ አይሞላም፤ የእጇ የሂና ሽታ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ መሸፈኗ፣ ደግሞም ድሪው። ድሪው ጠገራ የተሰካበት የብር ሰንሰለት ነበር። ሀኒያ እናቷ ጭን ላይ ቁጭ ብላ ጠገራዎቹን ተራ በተራ በጣቷ ትዳብሳለች። አሞራው ይሻክራል። ሲገለብጡት ግን ልሙጥ ነው፣ ፊት የለም።

እናቲቱ ከሞተች በኋላ ድሪው ከቤት ጠፋ። ሀኒያ ነፍስ ስታውቅ አንድ ቀን አባቷ ለሶላት ውዱእ አድርገው ሲነሱ ጠብቃ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ የእማ ጠገራዎች ፊታቸው ለምን ተፋቀ?»

ሙሀመድአወል እጃቸውን በፎጣ ሲያደርቁ ቆዩ፤ ከደረቀም በኋላ ፎጣውን አልለቀቁትም። «እናትሽ አላህን የምትፈራ ሴት ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «ምስል አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መስገድ ቢቀፋት፣ በሞረድ ፋቀችው።»

ይህች መልስ ለሀኒያ ከእናቷ እንደተረፈች ርስት ሆነቻት። የእንጀራ እናት ስትገላምጣት፣ ትምህርት አቋርጣ ስትዳር፣ ባሏ ሁለተኛ ልጅ ሳያይ ሲሞትባት፣ ባሕር ዳር ላይ ብቻዋን የሻሽና የሽቶ ሱቅ ስትከፍት፣ ልቧ ዝቅ ሲል ያቺን እናት ታስባለች። ለሶላቷ ስትል የገዛ ጌጧን በሞረድ የፋቀች ሴት! እኔ የእሷ ልጅ ነኝ ትላለች፤ ቀና ትላለች።

የመጀመሪያዋን ጠገራ ያገኘቻት እዚያው ሣህሉ ዘንድ ነው። የጆሮ ጉትቻዋን ልታስበይድ ገብታ፣ ወናፉ አጠገብ ልትቀልጥ የተዘጋጀች ፊት አልባ ጠገራ አየች። «የእናቴ ናት» አለች። ሣህሉ ከየት እንደመጣች ቢያስታውስ ከመራዊ ገበያ የመጣች ሆነች፤ ከወረታ በኩል አይደለችም። ሀኒያ ግን ገዝታ ወሰደቻት። ከዚያ ወዲህ ሌላዋ መጣች፤ ሌላዋ ደግሞ። እየቆየ፣ ፊት መፋቅ የእናቷ ብቻ እንዳልነበረ፣ በየገጠሩ በየራሱ ምክንያት የፋቀ ሰው እንደሞላ ገባት። የትኛዋ የእናቷ እንደሆነች የሚነግራት አልነበረም። ቢሆንም መሰብሰቡን አልተወችም። «አንዷ እንኳ የእሷ ብትሆን» ትላለች፣ «ሁሉንም ትቼ እሷን ለእሳት ልስጣት?»

ብስኩት የነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ እያንዳንዷን በቁራጭ ሻሽ ጠቅልላ ታስቀምጣቸዋለች። አታጥባቸውም። ሌላ ሰው ያጠባቸውን ግን ለይታ ታውቃለች፤ በሎሚ የተቀቀለች ጠገራ ንጣቷ የጤና አይደለም፣ ደም እንዳነሰው ሰው ፊት ነው። አንድ የአዲስ አበባ ሰብሳቢ በሣህሉ አመልካችነት ሱቋ ድረስ መጥቶ ቆርቆሮውን ቢያስከፍታት፣ ሁለቱን አገላብጦ ወደ ቦታቸው መለሳቸው። «እመቤቴ፣ እነዚህ ሞተዋል» አላት። ሀኒያ አልተቀየመችም። ለደንበኞቿ፣ ለጎረቤቶቿ፣ ከሁሉም በላይ ለአንድ ልጇ ለሱምያ የአያቷን ታሪክ እየነገረች ሳሎኗ ውስጥ ስትዘረጋቸው ሴቶቹ «ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለች እናት!» ይላሉ። ይህ ይበቃታል።

አንዲት ሴት ብቻ እንዲህ ብላ አታውቅም፤ ወረታ የቀረችው ታላቅ እህቷ ጀሊላ። ጀሊላ ሩዝ ትነግዳለች፣ ዓመት በዓል ሲደርስ ባሕር ዳር ትመጣለች። ቆርቆሮው ሲከፈት ግን ወይ ውኃ ጠማኝ ብላ ትነሳለች፣ ወይ ስልክ ተደወለ ትላለች። ሀኒያ ነገሩን በልቧ ፈርጃዋለች፤ እሷ ለእናታችን ትዝታ ግድ የላትም፣ እኔ ስላለኝ ትቀናለች።

ሱምያ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው የወረታ መንገድ መዘጋትና መከፈት ሰውን ባታከተበት ሰሞን ነው። ባሏ ካሊድ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ደግ ነው፣ ቃል አይበዛበትም። እንደ ወጉ ሱምያ ልትታረስ ወደ እናቷ ቤት መጣች። ወንድ ልጅ ነው፤ ጤነኛ፣ ጸጉሩ የበዛ።

መጀመሪያ ሀኒያ ደስታ ነው ብላ ነበር። አራስ ሆና ሱምያ አትተኛም። ትነሳለች፣ የታጠበውን ዕቃ ደግማ ታጥባለች፣ የተጣጠፈውን ልብስ ዘርግፋ ታጥፋለች፣ ታወራለች፤ ወሬው እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ትስቃለች። «እማዬ፣ ድካም የሚባል አጣሁ እኮ! እንዲህ ሆኜ አላውቅም» ትላለች። ዓይኖቿ ያበራሉ። ከዚያ መሳቋ ቆመ። ልጁን ለማንም አላስይዝ አለች። ሀኒያ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሳሎን ስትገባ ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ግድግዳው ላይ የነበረው የሱምያ የሠርግ ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ?»

«ታየኛለች» አለች ሱምያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ማን?»

«ሙሽራዋ። እኔን መስላ ነው እንጂ እኔ አይደለችም። ልጁን እያየች ነው።»

ዓይን በልቷት ነው አለች ሀኒያ ለራሷ፤ ልጁን ያዩ ጎረቤቶች በዙ። ቁርአን የሚቀሩ ሽማግሌ ሼህ አስመጣች። ሼሁ ሱምያ አጠገብ ተቀምጠው ቁርአን ቀሩላት፣ ሲወጡ ግን በር ላይ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ሐኪምም የአላህ በር ነው፤ አትዘግይ» አሏት። ሀኒያ እሺ አለች፤ ግን ጎረቤት ምን ይላል፣ የካሊድ እናት ምን ትላለች እያለች ቀኑን ገፋችው።

መንገድ ሲከፈት ጀሊላ ከወረታ ሩዝና ቅቤ አስጭና አራስ ልትጠይቅ መጣች። በሩን አልፋ፣ «ማሻአላህ» እያለች ሳሎን ገባች፤ የተሸፈነውን ቴሌቪዥን አየች፤ ግድግዳው ላይ የዞረውን ፎቶ አየች። የያዘችውን ዘንቢል ወለሉ ላይ አኖረች። ሱምያ ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች። ጀሊላ ቀርባ ግንባሯን ሳመቻት። አላበዛችም። ወደ ጓሮ ስትወጣ ሀኒያን በዓይኗ ጠራቻት።

ሀኒያ የልጁን ጨርቆች ልታሰጣ ገንዳ ይዛ ወጣች።

«ሀኒያ፣ ቁጭ በይ።»

«ፀሐዩ ሳያመልጠኝ ላስጣው።»

«አስቀምጪው አልሁሽ! ይች ልጅ ታማለች።»

«አራስ ናት እታለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን እንዲሆን ፈልገሽ ነው?»

«እማንም እንዲሁ ነው የጀመራት።»

ሀኒያ እርጥቡን ጨርቅ እንደያዘች ቆመች። «እማን ወባ ነው የገደላት።»

ጀሊላ የጓሮውን በር ወደኋላዋ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «ወባ ያልነው እኛ ነን። በጨቅላነቱ ያለፈውን ወንድማችንን ከወለደች በኋላ እንቅልፍ ጠፋባት። ትሠራለች፣ ትስቃለች፣ አትተኛም። ቀጥሎ ያቺ ጠገራ ላይ ያለችው ሴት ታየኛለች ማለት አመጣች። ልጄን ልትወስድብኝ ነው ትላለች። መጀመሪያ በአመድ አጠበቻቸው፤ ዓይኗ ታጥቦ የሚለቅ መስሏት። አልሆነላትም። ቀጥላ በሎሚ ቀቀለቻቸው፤ ያኔ ደግሞ ብሩ ነጥቶ ይበልጥ ፊቷ ጎልቶ ወጣ። ያን ቀን የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ ነው። ከዚያ የአባባን ሞረድ አንስታ ቁጭ አለች። ጣቷ እስኪደማ ነው የሞረደችው ሀኒያ። ለስግደት አልነበረም።»

«ውሸት ነው።»

«በክረምት የፎገራ ሜዳ ውኃ ሞልቶት ሳለ ወጥታ ሄደች። ልጁንም ይዛው ነበር።»

«ውሸት ነው ብየሻለሁ!» ሀኒያ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «አባባ ነገሩኝ እኮ! አባባ ዋሹኝ ነው የምትይኝ?»

«አባባ ሊያሳድጉሽ ነው የነገሩሽ። እኔንም ቁርአን አስይዘው አስማሉኝ። የእብድ ልጆች ከተባልን ማን ያገባን ነበር? ማንስ ቤታችን ይዘልቅ ነበር? ደግ አደረጉ ብዬ ኖርሁ። አንቺም ያንን ቆርቆሮ ስትከፍች እየወጣሁ ኖርሁ። ዛሬ ግን ያን ፎቶ ሳይ መሐላውን አልቻልሁትም።»

ሀኒያ ጨርቁን ገንዳው ውስጥ ጣለችው፤ ውኃው ተረጨ። «ሁልጊዜ ትቀኚብኝ ነበር። እናቴን ልትቀሚኝ ነው የመጣሽ። ተነሽ፣ ወረታሽ ግቢ!»

«ብትፈልጊ በጥፊ ምቺኝ» አለች ጀሊላ፤ «ከዚች ልጅ አጠገብ ግን አልሄድም።»

ሀኒያ መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። ቆርቆሮውን ከአልጋው ሥር አውጥታ ጠገራዎቹን አንሶላው ላይ ዘረገፈቻቸው። ለረጅም ዓመት ስታያቸው ጸሎት የምታይ ይመስላት ነበር። አሁን አንዷን ስታነሳ የሞረዱ ጭረት አቅጣጫ የለውም፤ ወዲያም ወዲህም ሄዷል፣ ተደራርቧል። የተረጋጋ ሰው እጅ እንዲህ ይፍቃል? ደግሞም ይህች የእናቷ ላትሆን ትችላለች። ሌላ ሴት፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ምክንያት። የምታውቀው ነገር ምንም እንደሌለ ገባት። አባቷን ጠላቻቸው። መልሳ ደግሞ ያን ፎጣ ይዘው የቆሙበትን ጊዜ አስታወሰችና አለቀሰችላቸው።

ከሳሎን የጀሊላ ጩኸት የመጣው ያኔ ነው።

«ሀኒያ! ልጅቷ የለችም!»

ጀሊላ ሱምያ ተኝታለች ብላ አጥሚት ልታሞቅ ማድ ቤት ገብታ ነበር። ስትመለስ ጥጉ ባዶ፣ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ነጠላ ጫማዋ እንኳ ደጃፍ ላይ ቀርቷል። ሀኒያ ራሷን ሳትከናነብ ወጣች፤ በዕድሜዋ እንዲህ ሆና ወጥታ አታውቅም። ግራ ወደ አስፋልቱ፣ ቀኝ ወደ ሐይቁ ነው። ጀሊላ ሳትጠይቅ ወደ ቀኝ ሮጠች። ሀኒያም ተከተለቻት።

ፀሐይ ገና አናት ላይ ነበረች። ደንገሉ ባለቀበት ባዶ ዳርቻ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን አስጠግቶ ቆሟል፤ መረቡን ትቶ ውኃው ውስጥ ካለች ሴት ጋር በለሆሳስ ያወራል። ሱምያ ናት። ውኃው ጉልበቷን አልፏታል፤ የቀሚሷ ጫፍ ዙሪያዋን ተንሳፍፏል። ልጁን በነጠላዋ አቅፋዋለች፣ ያለቅሳል።

«እህቴ፣ እዚያ ጋ ጭቃው ይውጣል፣ ወደኔ ነይ» ይላታል ሰውዬው። ሴቶቹን ሲያይ እንዳትጮኹ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣቸው።

ሀኒያ ግን ልትጮኽ አፏን ከፍታ ነበር። ጀሊላ ክንዷን ጨብጣ አስቆመቻትና፣ በጫማዋ፣ በሙሉ ልብሷ፣ ወደ ውኃው ገባች። አልሮጠችም። ጎረቤት ቡና ልትጠጣ እንደምትሄድ ሴት ቀስ እያለች።

«ሱሚ፣ ውኃው አይበርድም?» አለቻት።

ሱምያ ዞር አለች። ፊቷ በእንባ ርሷል። «ሙሽራዋ ውኃ ትፈራለች» አለች። «እዚህ አትመጣም አክስቴ።»

«እውነትሽን ነው። ካለሁማ አትመጣም። እኔ አውቃታለሁ።»

«ታውቂያታለሽ?»

«ልጅ ሆኜ ቤታችን መጥታ ነበር። ያኔ የሚረዳን አልነበረም። አሁን አለ።» ጀሊላ አጠገቧ ደርሳ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ልጁ ራበው መሰለኝ። እኔ ልያዝልሽ፣ አንቺ እኔን ያዢኝ።»

ሱምያ ብዙ አመነታች። ከዚያ ልጁን ሰጠቻት፤ እሷም የጀሊላን ቀሚስ እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ጨበጠች። እንዲያ ሆነው ወጡ። ሀኒያ ዳርቻው ላይ ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ ጠበቀቻቸው። ማንን እንደምታቅፍ አላወቀችም፤ መጀመሪያ የደረሰላትን እግር አቀፈች፣ የእህቷን።

ካሊድ ስልክ ተደውሎለት የጎረቤት መኪና ይዞ ደረሰ። ሆስፒታል ወሰዷት። የአእምሮ ሕሙማን ክፍሉ ኮሪደር ሰው ሞልቶታል። ርሆቦት የምትባል ልጅ እግር ነርስ ሱምያን አስተኝታ መርፌ ከሰጠቻት በኋላ ቤተሰቦቿን ወደ ጠባብ ክፍል አስገባቻቸው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም እንደሆነ፣ ብዙ ሴቶችን የሚይዝ ባይሆንም አዲስ ነገር እንዳይደለ፣ እንደሚታከም ነገረቻቸው። ከዚያ ብዕሯን አንስታ ጠየቀች።

«በቤተሰብ እንዲህ ዓይነት ሕመም የነበረበት ሰው አለ? በእናት ወገን?»

ካሊድ ልጁን አቅፎ ግድግዳውን ተደግፏል። ጀሊላ አንገቷን ደፍታ የረጠበ ቀሚሷን ጫፍ ትጨምቃለች፤ መሐላዋን ለእህቷ አፍርሳለች፣ ለባዳ ማፍረሱ ግን የሀኒያ ድርሻ እንደሆነ በዝምታዋ ነገረቻት። ሀኒያ ካሊድን አየችው። ነገ ለእናቱ ይነግራታል። የእብድ ዘር አመጣህብን ይሉታል። የለም ማለት ይቀላል፤ አባቷም የለም ብለው አርባ ዓመት ሙሉ ሰው አክብሯቸው ኖረዋል።

«እናቴ» አለች። «እናቴን። ወንድሜን ወልዳ። ውኃ ውስጥ ገባች... አልወጡም።»

ርሆቦት ቀና ብላ አየቻትና ድምፅዋን አለዘበች። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ እናቴ። ይሄ ለሐኪሙ ብዙ ይጠቅመዋል።»

ካሊድ ልጁን ለጀሊላ ሰጥቶ ወጣ። ሀኒያ ሄደ ብላ ደመደመች። ብዙ ቆይቶ ተመለሰ፤ የዱቄት ወተትና ጡጦ ይዟል፣ ለሁለቱ ሴቶችም ደረቅ ነጠላ ከየት እንዳመጣ እንጃ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ቀድሞ ብትነግሩኝ» አለ፣ «ሳትተኛ ስትቀር ዝም ብዬ አላይም ነበር።»

«እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት ልጄ።»

አመናት አላመናት፣ ሀኒያ እስከዛሬ አታውቅም።

ሱምያ ቶሎ አልዳነችም። መድኃኒቱ መጀመሪያ አደነዘዛት፤ ልጇን ሲያመጡላት እንደ እንግዳ ልጅ አየችው። ጡቷ ደረቀ። የካሊድ እናት ልጁን እኛ እናሳድገው ብላ ሽማግሌ ላከች፤ ካሊድ እንቢ አለ፤ እናትና ልጅ ለወራት አልተነጋገሩም። ሰፈሩም ሰማ። የሀኒያ ሱቅ ደንበኞች ሻሽ እየመረጡ በጎን ዓይናቸው ያይዋታል። «ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለች እናት» ይባልበት በነበረው ቤት ውስጥ አሁን የእናቷን ስም የሚያነሳ ጠፋ። ሀኒያ ራሷም እናቷን ለማሰብ ስትሞክር በየት በኩል እንደምትገባ ጠፋት። ቀድሞ የተመረጠች ሴት ነበረች፤ አሁን ጣቷ የሚደማ፣ ማንም ያልደረሰላት ሴት። ያቺኛዋ ታኮራ ነበር። ይቺኛዋ ታስለቅሳለች። ጀሊላ ግን «ይቺኛዋ ናት እናታችን» ትላታለች፣ «ያቺኛዋን አባባ ናቸው የሠሯት።» በዚህ ነገር ይጣላሉ፤ ይኳረፋሉ፤ መልሰው ይደዋወላሉ።

ሣህሉ ዘንድ መሄዷንም ተወች። እሱ ደግሞ ምን እንደደረሰባት ሰምቶ ኖሮ፣ ሱቋ ድረስ ራሱ መጣ። ኪሱ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ከዱርቤቴ ነው የመጣች። ፊት የላትም። ላቀልጣት ብዬ እጄ እንቢ አለኝ፤ ለእርስዎ ካላሳየሁ ብዬ።»

ሀኒያ ተቀብላ አገላበጠቻት። አመድና ሎሚ ያነጣት፣ ቀዳዳዋ የሰፋ፣ ፊቷ በብዙ ጭረት የተበላ ጠገራ ናት። ድሮ ቢሆን፣ እቺ ለሶላቷ ስትል የፋቀች ሴት ናት ትል ነበር። አሁን ደግሞ እቺ የታመመች ሴት ናት ልትል ምላሷ ላይ መጣላትና ተወችው። ምን ታውቃለች?

«ማን እንደፋቃት የሸጠው ሰው ተናግሯል?»

«ኧረ እሱም አያውቅ። ከአያቱ ሣጥን ነው ያወጣት።»

ገዛቻት። ለምን እንደገዛቻት ሣህሉ አልጠየቃትም፣ እሷም አላስረዳችውም።

ዛሬ ልጁ ግድግዳ ይዞ መራመድ ጀምሯል። ሱምያ ቤቷ ገብታለች፤ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ በቀጠሮዋ ትሄዳለች፣ ትስቃለች፤ ሀኒያ ሳቋ በረዘመ ቁጥር ትደነግጣለች። ጠዋት ጠዋት እየደወለች የምትጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ተኛሽ?»

ባለፈው ጁምዓ ሱምያ እናቷ ዘንድ መጥታ ሽንኩርት እየላጡ ሳለ፣ ቢላዋዋን ሳታቆም፣ «እማዬ፣ ካሊድና እኔ ሌላ ልጅ ብንወልድ ብለን እያሰብን ነው» አለች።

ሀኒያ የሽንኩርቱ ነው ብላ ዓይኗን ጠረገች። «ሐኪሙስ?»

«ጠየቅሁት። ሊመለስብኝ ይችላል አለ። ላይመለስም ይችላል። ከመውለዴ በፊት ጀምረው እንደሚከታተሉኝ ነገረኝ።» ሱምያ ቀና አለች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ተዪ ልትላት ፈለገች። እሺ ልትላትም ፈለገች። «አላህ ያውቃል» አለች በመጨረሻ፤ ይህ መልስ እንዳልሆነ ሁለቱም አወቁት። ተነስታ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ከእህቷ ጋር ልትማከር ወረታ ደወለች። ኔትወርክ አልነበረም። ቆማ ደግማ ደወለች።